የሂሳብና ስታትስቲክስ ክበብ፦ የድሮ ሰው ስንት ዓመት ይኖር ነበር?

ዘንድሮ ክበባችንን ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ክርክር ነው። ግማሹ ልጅ «አያቴ የድሮ ሰው ንጹህ ቅቤና ማር እየበላ መቶ ዓመት ይኖር ነበር ትላለች» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያየውን ይዞ «ኧረ ድሮ ሰው በ35 ዓመቱ ነበር የሚሞተው» ይላል። መልሱን ከምነግራቸው ዳታው ይዳኛቸው ብዬ ሐሙስ ሐሙስ ከክላስ በኋላ መቁጠር ጀመርን።

የጀመርነው ከለንደኑ ነጋዴ ከጆን ግራውንት ነው፣ በየሳምንቱ የሚወጣውን የሟቾች ዝርዝር ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1662 መጽሐፍ ያወጣ ሰው። ዝርዝሩ ላይ ዕድሜ ስላልነበረ ከሞቱበት በሽታ እየተነሳ ነው የገመተው፣ ግምቱ ግን ያስደነግጣል፤ ከ100 ሕፃን 36ቱ 6 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፣ 66 የሚደርሱት 3 ብቻ። ከዛ ልጆቹ ራሳቸው ኤክሴል ላይ ሞከሩት፦ ከ10 ሰው 4ቱ በ1 ዓመታቸው ቢሞቱና 6ቱ 60 ቢደርሱ አቬሬጁ 36.4 ይመጣል፣ በ36 ዓመቱ የሞተ ግን አንድም ሰው የለም! ክርክሩ የረገበው እዚህ ጋ ነው። ሽማግሌ ድሮም ነበረ፣ አቬሬጁን ወደ ታች የሚጎትተው በዋናነት የሕፃናቱ ሞት ነው። ሁሉንም በሕፃናት ብቻ ማሳበብም ግን ልክ አይደለም፣ በወሊድ የምትሞተው እናት፣ በቲቢ የሚሞተው ጎልማሳ ብዙ ነበር።

ስዊድን ከ1749 ጀምሮ ሕዝቧን ስለመዘገበች ግራፉን በፕሮጀክተር አየነው። 1773 ላይ በረሃብና በተቅማጥ ወረርሽኝ ምክንያት አማካይ ዕድሜው ከ20 በታች ይወርዳል፣ 1918 ላይ ደግሞ ኢንፍሉዌንዛው በግልጽ ይታያል፣ ዛሬ ከ80 በላይ ነው።

ለእኔ ትልቁ ግን የሀገራችን ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው 67 ደርሷል። ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚህ ውስጥ አሉ። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ሲጠይቁ «ስምንት ወልጄ አራት ቀሩልኝ» የሚል መልስ ይዘው የመጡ ነበሩ፣ ስለዚህ አያቶች ራሳቸው ካላነሱት በቀር እንዳይጠይቁ ተስማማን፣ ሀዘን ነውና።

67ም ቢሆን ብዙ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሕፃናቱ በምን በምን እንደሚሞቱ እናያለን፣ በተለይ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ያለውን። መመዝገብ የምትፈልጉ 9ኛና 10ኛ ክፍሎች መስከረም ላይ እኔጋ ኑ፣ ሂሳብ ጎበዝ መሆን ግዴታ አይደለም።