500 ሺህ ነጥብ ያላመጣ ስልክ ይጣል ወይ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ዓመቱ ፈጣን ስልኮች ያወጣችሁትን ዘገባ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። እኛ ጋማ ተሸምድዷል። የሜትር ታክሲ ሹፌር ነኝ። ጥሪ እስኪመጣ ቆመን የምንጠብቅ ሰዎች ስለሆንን የምታወጡትን ነገር ከማንም በላይ እናነባለን። እና ስለ ሠንጠረዡ ብዙ የምለው የለም። ስልኮቹ ሁሉ የውድ ውድ መሆናቸውም አልገረመኝም፤ የፈጣኖች ዝርዝር እስከሆነ ድረስ ያው ነው። የከነከነችኝ ከሠንጠረዡ ሥር ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «በአንቱቱ መለኪያ ከ500 ሺህ ነጥብ በታች ያመጣ ስልክ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት አይመከርም» ትላለች። አንቱቱ የስልክን ፍጥነት ፈትኖ ነጥብ የሚሰጥ አፕ ነው።

ማነው የማይመክረው?

የእኔ ስልክ ከ500 ሺህ በታች ነው። በጣም በታች ነው። በዚህ በማይመከር ስልክ ጠዋት ጥሪ እቀበላለሁ፣ ካርታ ከፍቼ እነዳለሁ፣ የነዳጅ እከፍላለሁ፣ ከተሳፋሪ ሒሳብ እቀበላለሁ፣ ከልጄ አስተማሪ ጋር በቴሌግራም እጻጻፋለሁ። ማታ ደግሞ ባለቤቴ ድራማ ታይበታለች። እናንተ ሰፈር ይሄ የዕለት ተዕለት አገልግሎት ካልተባለ ምን እንደሚባል ንገሩን።

ዘገባው ከወጣ በኋላ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የምነዳት መኪና የራሴ አይደለችም። ባለንብረቷ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። እሳቸውም አንባቢያችሁ ናቸው። ያን ሰሞን ገቢ ቀንሶ ነበር። ምክንያቱን ማንም ሹፌር ያውቀዋል፤ መንገዱ ተቆፍሯል፣ ነዳጅ ሰልፍ አለ፣ የወር መጨረሻ ነው። እትዬ ግን ምክንያቱን እናንተ ጋ አገኙት። ደውለው «ልጄ፣ ለካ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ የስልክህ ነው። አይመከርም ብለውታል እኮ» አሉኝ። አዝነውልኝ ነው የሚናገሩት፣ እሱ ነው የባሰው። ስልክ ካልቀየርኩ ግን መኪናዋን ለሌላ ልጅ መስጠት ሊኖርባቸው እንደሚችል በጨዋ ደንብ ጠቆም አድርገውኛል። ጓደኞቼም ሙድ መያዝ ጀምረዋል። ተራ ላይ ስሜ ተቀይሯል። «አይመከርም መጣ» ነው የሚሉኝ።

በነገራችን ላይ ያ ዘገባ ውስጥ ጌም ተጫዋች አለ። ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት አለ። ፎቶ አንሺ አለ። ሹፌር የለም። ምግብ የሚያደርስ ሞተረኛ የለም። ሱቁ ደጃፍ ቁጭ ብሎ በስልክ ገንዘብ የሚያስገባና የሚያወጣ ወኪል የለም። ቀኑን ሙሉ ስልክ ከእጃችን የማይለይ እኛ ነን፤ ስለ ስልክ ሲጻፍ ግን የምንጠፋውም እኛው ነን። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴልም በዝርዝሩ የሉም። የሦስቱ ባለቤት ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ አገር ስልክ ይገጥማል። ጋዜጠኛችሁ ከቢሮው ወጥቶ የመጀመሪያውን ሰው ስልክህን አሳየኝ ቢለው ኖሮ ከእነዚህ አንዱን የማየት ዕድሉ ሰፊ ነበር።

እሺ፣ አሁን ረጋ ብለን እንነጋገር። አንቱቱ ምንድነው የሚለካው? ፕሮሰሰሩን፣ የግራፊክስ ክፍሉን፣ ሚሞሪውንና የአጠቃቀም ምላሹን ለየብቻ ይፈትንና ይደምራል። ያ አንቱ የተባለው ቁጥራችሁ ይሄ ድምር ነው። በውድ ስልኮች ላይ ከድምሩ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግራፊክሱ ነው፤ ማለትም ከባድ ጌም የማጫወት አቅም። ከቦሌ ጀሞ ሰው ለማድረስ ጌም ተጫውቼ አላውቅም። ለዚያ አቅም ገንዘብ እንድከፍል ግን እየተመከርኩ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሠንጠረዡ የአንቱቱን ሁለት ቨርዥኖች መቀላቀሉ ነው። ለማነጻጸሪያ ያስገባችኋቸው የቀድሞ ስልኮች ነጥባቸው ከአንቱቱ 9 ነው፣ የአዲሶቹ ከአንቱቱ 10። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ስናፕድራገን 8 ጄን 2 የሚባለውን ቺፕ ውሰዱ። በ9ኛው ቨርዥን 1.3 ሚሊዮን አካባቢ ያመጣ ነበር። 10ኛው ሲወጣ ከ1.5 ሚሊዮን አለፈ። ቺፑ ያው፣ ስልኩ ያው፣ አቆጣጠሩ ነው የተቀየረው። ታዲያ 500 ሺህ የማለፊያ ነጥብ የሆነው በየትኛው ነው? በእናንተ ሕግ አንድ ስልክ ማታ የማይመከር ሆኖ ተኝቶ፣ የፈተናው አፕ ሲታደስ ጠዋት ተመክሮ ይነሳል። ይመቻችሁ!

የምነዳት ቪትዝ የፍጥነት መለኪያ ላይ 180 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ከመገናኛ ሜክሲኮ የሄደ ሰው ስለዚያ ቁጥር ምን እንደሚል ለእናንተ ልተወው።

ስልክ በእጃችን ላይ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ማወቅ የፈለገ የሚጠግኑትን ልጆች ይጠይቅ። መጀመሪያ የሚነግሩት ስለ ፕሮሰሰር አይደለም፣ ስለ ማስቀመጫው ነው። ርካሽ ስልኮች ውስጥ ያለው ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዓይነት ነው። እያነበበ በዚያው ቅጽበት መጻፍ አይችልም፤ አንዱን አቁሞ ነው ሌላውን የሚሠራው። ዩኤፍኤስ የሚባለው ሁለቱን በአንዴ ይሠራል። ይሄ በወረቀት ላይ የቴክኒክ ወሬ ይመስላል። መንገድ ላይ ግን እንዲህ ነው፤ ቴሌግራም የማላውቀውን ሰው የሠርግ ቪዲዮ ከጀርባ እያወረደ እያለ ካርታ ስነካ ስልኩ ስታክ ያደርጋል። ማስቀመጫው ሊሞላ ሲል ደግሞ ይብስበታል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የቴሌግራምን ኮተት ቢያጠፋ ስልኩ ሲነቃ ያያል፣ ያውም በነጻ። ዘገባችሁ ውስጥ ስለ ማስቀመጫ ዓይነት አንዲት መስመር የለችም።

ቀጥሎ ራም አለ፤ የተከፈቱ አፖች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ማለት ነው። ጥሪ የምቀበልበት አፕ ካርታ ስከፍት ከጀርባ ከተዘጋ ጥሪው ለሌላ ሰው ይሄዳል። እኔ ጋ መንቀራፈፍ ማለት ይሄ ነው፤ በሰከንድ ሳይሆን በብር ነው የሚቆጠረው። መፍትሔው ግን ባለ 2 ሚሊዮን ነጥብ ስልክ አይደለም። በቂ ራም ነው፣ እና ባትሪ ለመቆጠብ ሲል አፕ እየዘጋ የሚያስቸግረውን ሴቲንግ ለዚያ አፕ ማጥፋት ነው። ይሄን ደግሞ አንዳንድ ሻጮች «8 ጂቢ» እያሉ ያወሳስቡታል። ገልብጣችሁ ስታዩት 4 ሲደመር 4 ይላል። ሁለተኛው 4 ራም አይደለም፣ ከማስቀመጫው የተበደሩት ቦታ ነው። ከእውነተኛው ራም በጣም የዘገየ ነው። ጋዜጣ የሚያስፈልገን እንዲህ ያለውን ነገር እንዲያጋልጥልን ነበር።

ሙቀቱን ደግሞ አላነሳችሁትም። አንድ ጓደኛችን እቁብ ሲደርሰው በሠንጠረዣችሁ ላይ ካሉት ስልኮች አንዱን ገዛ። ፎክሮብን ነበር፣ እኛም ቀንተን ነበር። ያ ስልክ ዳሽቦርድ ላይ ተሰክቶ፣ ቻርጅ እየተደረገ፣ ካርታና ዳታ እንደተከፈተ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሲመታው ስክሪኑ ይደበዝዛል፤ ካርታው አይታይም። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ቺፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የትኛውም ስልክ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንቱቱ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው፣ ስልኩ በደንብ ሳይግል ያልቃል። ለዚህ የተሠራ ፈተና ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ስሪዲማርክ የተባለው መለኪያ አፕ አንዱን የአንድ ደቂቃ ፈተና 20 ጊዜ እየደጋገመ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ውጤት ያሳያል። ጋዜጠኛችሁ ሃያ ደቂቃ ቢታገሥ ኖሮ ዘገባው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አልጽፍም። ያኔ ባለ 2 ሚሊዮኑም እኔም እኩል ነን።

ቁጥር አይዋሽም የሚል ካለ ደግሞ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2013 አናንድቴክ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ጋላክሲ ኤስ 4ን ሲመረምር አንድ ነገር አገኘ። ስልኩ መለኪያ አፕ መከፈቱን ሲያውቅ የግራፊክስ ክፍሉን ወደ 533 ሜጋኸርዝ ያወጣዋል። ለሌላው አፕ ጣሪያው 480 ነበር። ነገሩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 በስምምነት አለቀ። በ2018 ደግሞ የሁዋዌ ተራ ሆነ፤ ፒ 20ን ጨምሮ አራት ስልኮች ከስሪዲማርክ ዝርዝር ተሰረዙ። በ2022 የሳምሰንግ ኤስ 22 ስልኮች የሙቀት መቆጣጠሪያቸው ጌሞችን እያዘገየ መለኪያ አፖችን እንደማይነካ ታወቀ። ጊክቤንች የተባለው ሌላ መለኪያም ከኤስ 10 ጀምሮ ያሉትን አራት ትውልዶች ከዝርዝሩ አወጣ። ልብ በሉ፣ ሰው የሚጠቀምበትን ያዘገያል፣ ጋዜጠኛ የሚያየውን አይነካም። ፈተናው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ ሰቃይ ቢሆን ምን ይገርማል።

እንዳይመስላችሁ፣ መለኪያ ጭራሽ አይረባም አላልኩም። ሁለት ስልኮችን በአንድ ቨርዥን፣ በአንድ ሁኔታ ለማወዳደር ይረዳል። የራስን ስልክ ዛሬና ከዓመት በኋላ ለማየትም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ጊክቤንችን የሚሠራው የካናዳው ፕራይሜት ላብስ ተጠቃሚዎች የላኩትን ውጤት ሰብስቦ አይፎን 6ኤስና 7 አዳዲስ ሶፍትዌር ከተጫነባቸው በኋላ ባልተለመደ ሁኔታ መዘግየታቸውን አሳየ። አፕልም ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮችን ፍጥነት እንደሚቀንስ አመነ። ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 አወረደ። ቁጥር እንዲህ ሲሠራ አከብረዋለሁ። ልዩነቱን አያችሁት? እዚያ ቁጥሩ ሰውን ስልክ ከመግዛት አዳነ። እናንተ ጋ ሠርቶ የሚበላበትን ስልክ እንዲጥል ነገረው። ዘገባው ሥር የስልክ ሱቅ ማስታወቂያ መኖሩ አጋጣሚ ነው ብዬ አምናለሁ። ክፉ አላስብም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙ። ሠንጠረዡን ማቆየት ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ ነጥብ በየትኛው ቨርዥን እንደተለካ ጻፉበት፣ የማስቀመጫውን ዓይነትና እውነተኛውን ራም ጨምሩበት። ሰው አቅሙ በሚፈቅድለት ዋጋ ያሉ ስልኮችንም አስገቡ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደሚመከር ራሱ ይወስናል።

ለሚቀጥለው ሙከራ ደግሞ ጋዜጠኛችሁ ስልኮቹን ይዞ እኔ ጋ ይምጣ። ከቀትር በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ ሰክተን፣ ካርታና ዳታ ከፍተን ከተማዋን እንዞራለን። ሜትሩ ግን ይቆጥራል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሜትር ታክሲ ሹፌር
አዲስ አበባ