በየጉርሻው ውሃ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁብሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ስልክሽ ሲጠራ እያየሁ ያላነሳሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ይቅር በይኝ። «አባዬ እንዴት ነው?» ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ፈርቼ ነው። ለአንቺ ዋሽቼ አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ባለፈው ሳምንት በላክሽልኝ የድምፅ መልእክት የተነሳ ነው። ስለ ቤት ኪራይ እያወራሽ በመሃል፣ እናትሽ እማማ እንጀራው ደረታቸው ላይ እየቆመባቸው በየጉርሻው ውሃ እንደሚጠጡ ነገርሽኝና «ያው የፈረደበት ጨጓራቸው ነው» ብለሽ አለፍሽው። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት።

አባዬንም የምግብ ቧንቧ ካንሰር የጀመረው እንዲሁ ነው። አሰላ ቤታችን ገበታ ሲቀርብ ያቺ የቆርቆሮ ኩባያው ከአጠገቡ አትጠፋም ነበር። ይጎርሳል፣ አላምጦ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይውጣል፣ ወዲያው ኩባያውን ያነሳል። መጀመሪያ ሥጋ ተወ፤ «ጥርሴ እምቢ አለኝ» አለን። ቀጥሎ እንጀራውን በሽሮ አርሶ ፍትፍት ብቻ ሆነ። ፋሲካ ሲደርስ ከአጥሚት ሌላ አይወርድለትም ነበር። አንድ ቀን ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁት፤ ጾሙ ነው ያከሳው ብዬ ዝም አልኩ። በዚያ ሁሉ ወር የሚሄድበት ክሊኒክ የጨጓራ ክኒን እየለዋወጠ ይሰጠዋል፤ ጉሮሮውን በካሜራ እንየው ያለ ሰው የለም። እኔም አላልኩም። ይህ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

በኋላ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ የምግብ ቧንቧ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነው አለኝ። ስለዚህ ዕጢው መንገዱን ክፉኛ እስኪያጠበው ድረስ ሰው ብዙም አይታወቀውም። መጀመሪያ ደረቅ ምግብ ይያዛል፣ ከዚያ ለስላሳው፣ በመጨረሻ ውሃውም። ጨጓራ ብቻውን ያቃጥላል እንጂ እንጀራ መንገድ ላይ አያስቆምም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ!

አዲስ አበባ ያየን የመጀመሪያው ሐኪም ከየት እንደመጣን ጠየቀን። «ከአርሲ» ስለው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና አለ። ከአርሲና ከባሌ ይህ በሽታ ያለበት ሰው በብዛት ይመጣል። ከእኛ አገር ጀምሮ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቅ መስመር ላይ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሌላው ቦታ በርትቶ ይታያል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ ለዚህ ካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል ብሏል። ይህን ስሰማ ገንፎአችን ትዝ አለኝ፤ እናንተ ቤት እሳት ዳር ተቀምጠን፣ ከዳር እየቆረስን መሃል ያለው ቅቤ ውስጥ ስንነክር፣ እማማ «ሳይበርድ ብሉ!» ሲሉን። የአባዬ በሽታ ከዚያ መጣ ማለቴ አይደለም። አሁን ግን እኛ ቤት ገንፎውም ሻዩም በረድ ሳይል ማንም አይነካውም።

ኢንዶስኮፒው የተፈራውን ያህል አልነበረም። ምግብ ሳይበላ አደረ፣ ጉሮሮውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነፉለት፣ ቀጭኑን ካሜራ አስገብተው ናሙና ወሰዱ። የከበደው ውጤቱን መጠበቅ ነው። ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ መሰራጨት አለመሰራጨቱን ለማየት ሲቲ ስካን ተነሳ። አልተሰራጨም ነበር። በመጀመሪያ ዕጢው እንዲቀንስ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ተሰጠው፣ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና ተወሰነ።

ቀዶ ሕክምናውን እንዲህ ነው ያስረዱን። መጀመሪያ ሆዱ ይከፈትና ጨጓራው ተላቆ በስፌት እንደ ቱቦ ይደረጋል። ከዚያ በቀኝ ጎኑ በኩል ደረቱ ተከፍቶ የታመመው የምግብ ቧንቧ ይወጣል፤ ጨጓራው ወደ ደረት ተስቦ ከቀረው ቧንቧ ጋር ይገጣጠማል። አይቨር ሉዊስ የተባለ የዌልስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 ይፋ ያደረገው አሠራር ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ ፍራንዝ ቶሬክ የተባለ ሐኪም ኒውዮርክ ውስጥ የአንዲት ሴት የምግብ ቧንቧ ከደረቷ ቆርጦ አወጣ፤ የሚተካበት መንገድ ስላልነበረ አንገቷንና ሆዷን ከውጭ በጎማ ቱቦ አገናኘው። ሴትየዋ በዚያች ጎማ እየበላች ከ10 ዓመት በላይ ኖራለች። አባዬ ይህን ሲሰማ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «እሷ በዚያ ዘመን ከቻለች» አለ። ፈቃዱን የፈረመው በዚያው ቀን ነው።

ቀዶ ሕክምናው ቀኑን ሙሉ ፈጀ፤ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወደ ዋርድ ሲወጣ እልል ማለት ብቻ ቀርቶኝ ነበር። በሰባተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው፣ ትንፋሹም አጠረ። ሐኪሙ ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ በትንሽ ኩባያ አመጣና «ቀስ ብለው ይጠጡ» አለው። አባዬ ጠጣ። እኔ አልጋው ሥር ተንበርክኬ ከጎኑ የሚወጣው የደረት ቱቦ የሚፈስበትን ጠርሙስ አያለሁ። መጀመሪያ ያው ቡናማ ፈሳሽ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሰማያዊ ክር በቱቦው ውስጥ እየተሳበች መጣችና ጠርሙሱ ውስጥ ተበተነች። ስፌቱ ለቅቋል ማለት ነው፤ የሚውጠው ምራቅ ሁሉ ደረቱ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ስፌቱ አንገት ላይ ሲሆን የሚያፈሰው ወደ ውጭ ስለሚወጣ ይቀላል፣ ደረት ውስጥ ሲሆን ግን ሰው ይገድላል። ይህን የነገረኝ ሐኪም ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የነገረኝ፤ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ሳምንት ነው። በአፉ ጠብታ ውሃ እንኳ ተከለከለ። ጠንካራ አንቲባዮቲክ፣ ደረቱን የሚያጸዳው ቱቦ፣ በሆዱ በኩል ወደ አንጀቱ በገባች ቀጭን ቱቦ የሚሰጥ ምግብ። ጠያቂ አጥሚት በፔርሙስ ይዞ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ እመልሳለሁ፤ የተቀየሙኝ ዘመዶች አሉ። ነርሷ በየጠዋቱ ታስነሳዋለች፣ «ተንፍስ፣ ሳል፣ ሂድ» ትለዋለች፣ ጠርሙሱን ይዤ ኮሪደሩን አብሬው እሄዳለሁ። ስልክሽን ሳላነሳ የቀረሁት አብዛኛው ያኔ ነው። በአምስተኛው ሳምንት እንደገና ሰማያዊውን ጠጣ። ጠርሙሱ አልተቀየረም።

ሁሉም እንደ እሱ አልታደለም። አጎራባች አልጋ የነበሩት አባት፣ የባሌ ሰው፣ በሽታቸው ተሰራጭቶ ስለተገኘ ለቀዶ ሕክምና አልሆኑም። በኢንዶስኮፒ ስቴንት አስገቡላቸው፤ ከቀጭን ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ነው፣ ቦታው ሲደርስ ራሱ ይከፈትና ዕጢውን ወደ ዳር ይገፋዋል። ካንሰሩን አያድነውም። ግን ለሳምንታት ምራቃቸውን በጣሳ ሲተፉ የከረሙ ሰው ያን ዕለት ማታ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጡ። ልጃቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲያለቅስ አየሁት።

አባዬ አሁን በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይበላል። ጣፋጭ ነገር ከበዛበት ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል። ከእራት በኋላ ወዲያው አይተኛም፤ ሲተኛም በሦስት ትራስ ከፍ ብሎ ነው፣ አለበለዚያ የበላው ይመለስበታል። በየጊዜው ለክትትል እንሄዳለን፣ ውጤቱ እስኪነገረን እጄ ይቀዘቅዛል። የቆርቆሮ ኩባያዋ ግን አሁን የቡና ስኒ መለቅለቂያ ሆናለች።

እህቴ፣ እማማን አምጪያቸው። ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ክኒኑንም ይዋጡ፣ እሱን አልከለክልም፤ ኢንዶስኮፒው ግን አንድ ሳምንትም አይቆይ። ሐኪም ዘንድ ስትገቡ «ጨጓራ አለባቸው» ብለሽ አትጀምሪ። ምግብ የሚቆምባቸው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የትኛው ምግብ እንደሚያስቸግራቸው፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሱ ተናገሪ፤ ናሙና ከተወሰደም ውጤቱን በወረቀት ተቀበይ። ቧንቧውን ያጠበበ ጠባሳም ሊሆን ይችላል፣ በኢንዶስኮፒ የሚለጠጥ፤ ያንን ያድርግልን ብዬ እየጸለይኩ ነው። ካልሆነም ከአባዬ ቀድመን እንደርሳለን።

ማደሪያ አታስቢ። አባዬ የራሱን አልጋ ለእማማ እለቅላቸዋለሁ ብሎ ሦስቱን ትራስ ወደ ሳሎን አውጥቷል። ሰኞ ደውይልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። አነሳዋለሁ።

እህትሽ