ለጠበቃችሁኝና ለተሸከማችሁኝ ሁሉ፤ የምስጋና መልእክት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በመንዝ የምትገኙ የደብራችን ምእመናን፣ ካህናትና ዲያቆናት፣ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አባላት፣ እንዲሁም በደብረ ብርሃን የምትኖሩ ወዳጆቼና ዘመዶቼ፤ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ባለፈው ነሐሴ እግሬ ተሰብሮ የአልጋ ቁራኛ ሆኜ ከቆየሁ በኋላ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን፣ በአባታችን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የልደት በዓል፣ ያለ ክራንች ቆሜ ለመቀደስ እግዚአብሔር አብቅቶኛል። ይህን መልእክት የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ምስጋናዬን ከአደጋው ሌሊት ብጀምር ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን እናንተ እኔን መሸከም የጀመራችሁት በዚያ ሌሊት አይደለም፤ ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቁኝ ኖራችኋል። ስለ ጥበቃችሁ እስከ ዛሬ በአደባባይ አንድ ቃል ስላልተናገርኩ፣ ከዚያ መጀመር ይገባኛል።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ዳዊት የደገምኩትም፣ ዲቁና የተቀበልኩትም በእናንተው መካከል ነው። ለምድ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቤ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ ደጃችሁ ስቆም ትኩስ የገብስ ቆሎ ትዘግኑልኝ የነበራችሁ እናቶች አንዳንዶቻችሁ ዛሬም በሕይወት አላችሁ። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ፤ በተክሊል አገባሁ፤ ልጆች ወለድኩ፤ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ከፈትኩ። በየሰንበቱ በከተማው ደብር በዲቁና ማገልገሌን ስላልተውኩ፣ እግዚአብሔር ከእኔ የሚፈልገውን ሁሉ የሰጠሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን የኔታ ከመንዝ በአውቶቡስ ተነሥተው፣ በጣርማ በር ዞረው፣ ሱቄ ድረስ መጡ። ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ወንበር ባቀርብላቸውም እምቢ ብለው በተደረደረው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ልዑካን ጎደሉብን፤ ቅዳሴ ሊታጎልብን ነው፤ ቅስና ተቀበልና ና» አሉኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ማለትም ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። በደብራችን ከነበሩት ሁለት ቀሳውስት አንደኛው ዐርፈው የኔታ ብቻቸውን ቀርተው ነበር።

እኔም፣ «እሺ የኔታ፣ እመጣለሁ፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው። ብድር ነበረብኝ፤ ትልቁ ልጄ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር፤ የጀመርኩት ቤት ጣሪያው አልተመታም ነበር። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም ሐሰት አልነበረም። ብድሩ ሲያልቅ ሌላ ብድር መጣ፤ ትልቁ ልጅ ሲጨርስ ታናሹ ጀመረ። የኔታ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጥተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ «እሺ» ብዬ ሸኘኋቸው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ጌታችን ስለ ሁለት ልጆች ይናገራል። አባታቸው ወደ ወይኑ አትክልት ሄዳችሁ ሥሩ ሲላቸው አንደኛው እምቢ ካለ በኋላ ተጸጽቶ ሄደ፤ ሁለተኛው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ሳይሄድ ቀረ። ይህን ወንጌል በልጅነቴ ሳነበው ሁለተኛው ልጅ ውሸታም ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ያ ልጅ «እሺ» ሲል ከልቡ እንደነበር፣ ችግሩ ሐሰት ሳይሆን ነገ መሆኑን አውቄአለሁ። እምቢ ብያቸው ቢሆን ኖሮ የኔታ አዝነው ሌላ ካህን ይፈልጉ ነበር። እሺታዬ ግን እርሳቸውንም እናንተንም አሰረ። እኔ ያልሠራሁበትን ቦታ ለሌላ ሰው እንኳ ሳልለቅ ያዝኩት።

ይህን ያወቅሁት በየኔታ ለቅሶ ላይ ነው። ሌሊት ተጉዤ ስደርስ ለፍትሐቱ ከወንዝ ማዶ ደብር ካህናት ተለምነው መጥተው ነበር። ባለቤታቸው አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ ሰበካ ጉባኤው ከሌላ ወረዳ ካህን እናስመጣ ብሎ ጉዳዩን ሁለት ጊዜ ባነሣ ጊዜ፣ «ልጁ እሺ ብሎኛል፤ ይመጣል» ብለው የመለሱት የኔታ ራሳቸው እንደነበሩ ነገሩኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ያጽናኑኝ መስሏቸው ነው። በዚያ አምስት ዓመት ውስጥ ብዙ ሰንበት ቅዳሴ ታጉሏል፤ የአርባና የሰማንያ ቀን ሕፃናታችሁን ለክርስትና ታቅፋችሁ በውርጭና በዝናብ ወንዝ ተሻግራችኋል፤ ለመቁረብ የናፈቁ አረጋውያንም ናፍቆታቸውን ይዘው ዐርፈዋል። የዘገየሁበትን ጊዜ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ከምስጋናዬ በፊት ይቅርታ እለምናችኋለሁ።

ከለቅሶው ስመለስም ገና አስብበታለሁ እል ነበር። ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ እንደሮጠ፣ ሰው የሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ አባቶችን መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እኔም የንስሐ አባቴን ጠይቄአለሁ። ነገር ግን መልሱን ካገኘሁ በኋላ ደግሜ መጠየቄ ጥንቃቄ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ባለቤቴ፣ «አንተ አስብበት፤ እኔ ዕቃ ማሰር ጀምሬአለሁ» ያለችኝ። ልጆቿን ይዛ ከመብራትና ከቧንቧ ውኃ ወጥታ፣ ኩበት ወደሚነድበትና ማለዳ ውርጩ እጅ ወደሚያደነዝዝበት ደጋ የሄደችው፣ ማንም በስሟ ጠርቷት ወይም ሱቅ ድረስ መጥቶ ለምኗት አይደለም። ለእርሷ በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ምስጋና ከሚገባት እጅግ ያነሰ መሆኑን አውቃለሁ።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በቡልጋ ምድር የተወለዱ አባት ናቸው። ገድላቸው እንደሚነግረን ለአደን ወጥተው ሳሉ በተጠሩ ጊዜ ሀብታቸውን ለድሆች መጽውተው፣ የቤታቸውን በር እንኳ ሳይዘጉ ወጥተዋል። ኤልሳዕም ኤልያስ መጎናጸፊያውን በጣለበት ጊዜ በዐሥራ ሁለት ጥማድ በሬ እያረሰ ነበር፤ ከዚያም አንዱን ጥማድ አርዶ፣ በእርሻው ዕቃ ቀቅሎ ሕዝቡን አበላ። በሬውን አርዶ ቀንበሩን ማገዶ ያደረገ ሰው በመጪው ክረምት ወደዚያ ማሳ እንደማይመለስ የመንዝ ገበሬ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። እኔ ግን ቅስና ተቀብዬ ከመጣሁ በኋላ እንኳ የሱቁን ቁልፍ ስድስት ወር በኪሴ ይዤ ዞሬአለሁ። ማታ ማታ ቀሚሴን ሳወልቅ ቁልፉ ሲንኳኳ እሰማው ነበር። ሱቁን ለሌላ ሰው አስተላልፌ ቁልፉን የሰጠሁት በስድስተኛው ወር ነው፤ ከቤቴ የወጣሁበትን ቀን ስጠየቅ የምቆጥረው ከዚያ ዕለት ነው።

አሁን ወደ ነሐሴው ሌሊት እመለሳለሁ። በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሬን አንኳኳ። አያቱ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው የነፍስ አባታቸውን ይጠራሉ አለኝ። ወንዙ ሞልቶ ነበርና ጎረቤቶቼ ከፍቅር የተነሣ እስኪነጋ እንድቆይ መከሩኝ። «እስኪነጋ» የሚለው ቃል ግን ለእኔ አምስት ዓመት የፈጀ ቃል ነው። ሁለት ጎልማሶች ግራና ቀኝ ይዘው በድንጋዩ ላይ አሻገሩኝ። እማማን አናዘዝኳቸው፤ ጸሎት አደረስኩላቸው፤ ጎሕ ሳይቀድ እጄን እንደያዙ ዐረፉ። እግሬ የተሰበረው ስመለስ ነው፤ ገደላማው መንገድ ላይ ጭቃው ከዳኝና ተንሸራትቼ ከድንጋይ ላይ ወደቅሁ፤ የጭኔ አጥንት ተሰበረ።

ያን ጠዋት በቃሬዛ የተሸከማችሁኝ ዐሥራ አራት ሰዎች፣ በአራት በአራት እየተፈራረቃችሁ፣ አምስት ሰዓት ያህል በዳገትና በጭቃ ሄዳችኋል። ባና አልብሳችሁኝ እናንተ ተበስብሳችኋል። ጾመኞች ስለነበራችሁ አንዳችሁም እስከ መንገዱ ድረስ ውኃ አልቀመሳችሁም። በጎች ጭኖ ወደ ገበያ ይሄድ የነበረው የአይሱዙ ሹፌር ደግሞ ከፊሎቹን በጎች በመንገድ ዳር ለማያውቀው ሰው አደራ ሰጥቶ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ገንዘብ ስንሰጠውም አልተቀበለም። ስሙን ሳልጠይቀው ነው የተለያየነው። ይህን መልእክት ካየ እባክህ ወንድሜ፣ እንዳልረሳሁህ እወቅልኝ። በደብረ ብርሃን ቀዶ ሕክምናውን ያደረጋችሁልኝ ሐኪሞች፣ ሌሊት ሲያመኝ አጠገቤ የተቀመጣችሁ ነርሶች፣ ደም የሰጣችሁኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አጥንቴ የታሰረበትን ብረት ለመግዛት በጓን የሸጠች አንዲት መበለትን ጨምሮ ያዋጣችሁ የማኅበር አባላት፤ እግዚአብሔር ብድራታችሁን ይክፈላችሁ።

በተኛሁበት ጊዜ ሊጠይቁኝ ከመጡት መካከል አንዳንዶቹ፣ «ለእግዚአብሔር ሥራ ወጥቶ እንዴት እንዲህ ይሆናል?» ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። በየዓመቱ በጾመ ነነዌ እንደምንሰማው ዮናስን ማዕበል ያገኘው ከእግዚአብሔር ፊት ሲሸሽ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግን ደቀ መዛሙርቱ ማዕበል ያገኛቸው፣ ጌታ ራሱ ወደ ማዶ ተሻገሩ ብሎ ግድ ስላላቸው ነው። ማዕበሉን ብቻ አይቶ በታንኳይቱ ውስጥ ያለው የሸሸ ይሁን የታዘዘ መለየት አይቻልም። ቶሎ መታዘዝ መንገዱን ደረቅ የሚያደርግ ውል አይደለም፤ አብርሃምም በ75 ዓመቱ ከካራን ሲወጣ የታዘዘው ወደሚያሳየው ምድር እንዲሄድ እንጂ መንገዱ ተነግሮት አይደለም። እማማ ሳይናዘዙ ቢያርፉ ኖሮ እግሬ ጤነኛ ይሆን ነበር፤ በዚያ ጤነኛ እግር ግን ወደ መቅደስ እንዴት እንደምገባ አላውቅም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ከወንዝ ማዶ ያሉትን ካህን ነው። አራት ወር ተኩል ያህል በየሰንበቱ የራሳቸውን ደብር ለጓደኞቻቸው አደራ ብለው፣ በእግራቸው እየተጓዙ፣ ቅዳሴያችን አንድ ሰንበት እንኳ እንዳይታጎል አድርገዋል። አብሯቸው የሚቀድስ ሁለተኛ ቄስ ስላልነበረ ችግሩ ለአንድ አረጋዊ መነኩሴ ተነገራቸው፤ አባ ከገዳማቸው ተነሥተው የመጡት መልእክቱ በደረሳቸው ማግስት ነው። ለምን ቶሎ እንደመጡ ስጠይቃቸው፣ «ነገ እሑድ ነበራ» ብቻ አሉኝ። በቦታው የነበረው ዲያቆን፣ የኔታ በመጨረሻ ዘመናቸው ያስተማሩት ወጣት፣ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ፤ እኔ ግን ብዙ አሰብኩ።

የሰበካ ጉባኤያችን አባላትም ወንዙን ለመሻገሪያ ግንድ አጋድማችሁ በሽቦ ማሰራችሁን ሰምቼ፣ ባለፈው ሳምንት ራሴ ሄጄ ቆሜበታለሁ። ጠንካራ ነው። ክራንቹን ያዋሱኝ ቤተሰብም ዕቃቸው በንጽሕና ተቀምጧልና ልጃቸውን ልከው እንዲወስዱት አሳስባለሁ።

በመጨረሻ፣ ለዚያ ለዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ የምለው አለኝ። አደጋው የደረሰው በእኔ ምክንያት ነው ብለህ ከቤቴ ርቀህ እንደምትዞር፣ ቅዳሴ ላይም ከኋላ ቆመህ እንደምትወጣ እናትህ ነግራኛለች። ልጄ፣ አያትህ በሰላም ያረፉት አንተ በዚያ ጨለማ ሳትፈራ ስለሮጥክ ነው፤ በእኔ ላይ ምንም ጥፋት አላደረስክም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና፤ ቤት አብረን ቁርስ እንብላ። ሌሊት የሚጠራኝ ሰው ካለም እንደዚያኑ መጥተህ አንኳኳ።

የእናንተው አገልጋይ
ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ