በጆሮዬ ያነበብኩት ዓመት

ደብረ ብርሃን፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጆች ሳለን ስንምል «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» እንል ነበር። ዘንድሮ መሐላው ሊደርስብኝ ለጥቂት ነው የቀረው።

የምታውቁኝ እንደምታውቁት፣ ጳጉሜ ሲገባ የዓመቱን ንባቤን እቆጥራለሁ። የትኛው መጽሐፍ እንቅልፍ እንደነሳኝ፣ የትኛው ደግሞ ሊያስፈራኝ ሞክሮ እንዳሳቀኝ እጽፋለሁ። አስፈሪ ታሪክ በመጻፍ የሚኖር ሰው ሌላ ምን ይቆጥራል? ዘንድሮ ግን ከኅዳር እስከ ሐምሌ በዓይኔ ያነበብኩት አንድ ገጽ የለም። ያነበባችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የዘንድሮው ጽሑፍ የምስጋና ነው፤ መጻሕፍቱ በየመሀሉ ይመጣሉ።

ነገሩ የጀመረው በትንኝ ነው። ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ትንኝ የሚመስሉ ጥቋቁር ነጥቦች መዋኘት ጀመሩ። እጄን ባወናጭፍ አይሄዱም። ማታ መብራት ሳጠፋ ደግሞ በዓይኔ ጠርዝ በኩል መብረቅ ብልጭ ይላል፤ ነጎድጓድ የሌለው መብረቅ። በሦስተኛው ቀን ጥቁር ውሃ የመሰለ ጥላ ከታች ወደ ላይ ይሞላ ጀመር። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ «ከታች የሚሞላ ጨለማ፤ ለሆነ ታሪክ ይሆናል» ብዬ መጻፌ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ «የዓይን ድካም ነው» ብለው ጠብታ ሰጥተው መለሱኝ። የት እንደሆነ አልናገርም። ጠብታዋን ግን መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጫታለሁ፤ አራት ቀን የበላች ጠብታ ናት።

የባጃጁ ልጅ፣ ምስጋናዬ ካንተ ይጀምራል። ሃምሳ ብር መስሎኝ ሁለት መቶ ስሰጥህ መልሰህ እጄ ላይ አስቀመጥክና «ጋሼ፣ ይሄ ድካም አይደለም» አልከኝ። በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሳልጠራህ በሬን አንኳኳህ። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን በሚዘጋበት ሰሞን ነበር። የሚኒባሱን ሹፌር «አደራ፣ ዓይኑ ነው» ብለህ ጋቢና አስቀመጥከኝ። ለዚያ ሁሉ የተቀበልከኝ ሳንቲም የለም።

አዲስ አበባ ያየችኝ ሐኪም ነገሩን ለመንገር ብዙ አልፈጀባትም፦ ርጥበት የገባው ልስን ከግድግዳ እንደሚላቀቅ ሬቲናዬ፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ከቦታው ተላቅቋል። መልሰው ከለጠፉት በኋላ እስኪይዝ ድረስ ከውስጥ የሚደግፈው ነገር ያስፈልገዋል፤ ወይ ጋዝ፣ ወይ የሲሊኮን ዘይት። «ቤትህ የት ነው?» አለችኝ። ደብረ ብርሃን ስላት ሳቀች። ለካ ጋዝ ያለበት ዓይን ይዞ ወደ ከፍታ መውጣት አይቻልም፤ አየሩ ሲሳሳ ጋዙ ይለጠጥና የዓይንን ግፊት ያንራል። እኛ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ብለን፣ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር አልፈን ነው የተቀመጥነው። «ጋዙ እስኪጠፋ እዚህ ትከርማለህ ወይስ ብርድህ ናፍቆሃል?» አለችኝ። በዘይቱ ተስማማን። እጇን ይባርክልኝ።

ዘይት ባለበት ዓይን ማየት ኩሬ ውስጥ ሆኖ ሰማይን እንደማየት ነው። ግራ ዓይኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰነፍ ናት፤ ብርሃንና ቅርጽ እንጂ ፊደል አትለይም። በዚያ ላይ በግንባሬ ተደፍቼ እንድተኛ ታዘዝኩ። እትዬ፣ አከራዬ ብቻ አይደሉም። አልጋዬን ወደ ምድጃው ያዞሩልኝ፣ የመንዝ ባናዎን ከራስዎ ገፈው ያለበሱኝ፣ አጥሚቱን በቀሰም ያጠጡኝ እርስዎ ነዎት። በዚያ ሰሞን ዓለሜ የእርስዎ የላስቲክ ጫማ ነበር። ከጫማዎ ድምፅ ተቆጥተው እንደሆነ፣ ወይ ሰው እንደመጣ አውቅ ነበር።

የመጀመሪያዋ አንባቢዬ ልጅዎ ናት። አሥረኛ ክፍል ናት፤ እንግሊዝኛዋን ልታሻሽል፣ እኔም ሥራ እንዳልፈታ ተባለ። ከስልኳ ላይ ኤድጋር አለን ፖ እንደ ፈረንጆቹ በ1843 ያሳተመውን አጭር ታሪክ አወጣች፤ ገዳዩ «እብድ አይደለሁም» እያለ የሚተርከውን፣ ከወለሉ ሥር ልብ የሚመታበትን። እኔ ደግሞ በሽማግሌው ላይ ያስጠላው ነገር ምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ልጅቷ በየቃሉ እየቆመች ሄዳ ሄዳ «ዓይኑ የአሞራ ዓይን ነበር፣ ሰማያዊ፣ ስስ ሽፋን የለበሰ» የሚለው ላይ ስትደርስ ዝም አለች። እኔም ተደፍቼ ዝም። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ሌላ ልፈልግ?» አለችኝ። ስስቅ ሐኪሟ የከለከለችኝን ቀና ማለት አልኩ፤ እትዬም ሁለታችንንም ተቆጡን። ታሪኩን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በሽማግሌው ቦታ ሆኜ የሰማሁት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው።

«አደፍርስ»ን ያነበበልኝ ይኸው የባጃጁ ልጅ ነው፤ ተሳፋሪ ሲጠፋ በር ላይ ቆሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ። ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ልጅ ነው፣ አንባቢዬም የዚያው፤ በ1962 የታተመው መጽሐፍ የትናንት ወሬ ይመስል ነበር። አስፈሪ መጽሐፍ አይደለም። ግን ያገሬው ሰው ሲያነበው ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድና መንገዱ ከፊትህ ሲጠፋ ያለው ነገር ይሰማሃል። እስካሁን ድረስ በየታሪኬ የምከተው ጉም የመጽሐፍ ጉም እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሄጄ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ቆሜ ሰማሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ የበላቸውን 78 ነፍስና በእመቤታችን ስም ያጠጣውን ጥርኝ ውሃ ብቻ ነበር የማስታውሰው። ዘንድሮ ያስፈራኝ መግቢያው ነው። ሰውዬው እንግዳ ተቀባይ ነበር፤ ክፉው የገባበትም እንግዳ መስሎ በዚያው ደግ በር ነው። አሳዳጅ የለ፣ ምሽት የለ፣ ጅብ የለ። ዘርዓ ያዕቆብ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረገ ንጉሥ ነው፤ ይህችን ብርዳም ከተማም የቆረቆራት እሱ ነው። እኔ የሆረር ትምህርት ከውጭ አገር ስፈልግ ኖሬ፣ ለካ ደጃፌ ላይ ኖሯል።

አሁን ወደ ጋሼ። ስምዎን እንዳልጠራ ስላዘዙኝ አልጠራም። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው፣ በየማክሰኞው በርኖስዎን ለብሰው፣ በጃንጥላዎ ጫፍ በሬን ሁለቴ መትተው ይገባሉ። «ፍራንከንስታይን»ን በእጅዎ ይዘው፣ እዚያው በዚያው ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ። መጀመሪያ ግን ታሪኩ እንዴት እንደተወለደ ነገሩን። እንደ ፈረንጆቹ በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ ሰማዩን ሸፍኖት በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ በጋ ሳታይ ቀረች። ሜሪ ሼሊ ያኔ የ18 ዓመት ልጅ ናት። ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ከወዳጆቿ ጋር ዝናብና ብርድ ቤት ዘጋባቸው፤ የመናፍስት ታሪክ እያነበቡ ቆይተው እኛም እንጻፍ ተባባሉ። እትዬ ቡናቸውን እየቆሉ ሰምተው «ታዲያ ይኼማ ሐምሌ ነው» አሉ። ጋሼ ለሳቅ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም እስማማለሁ፤ ያ መጽሐፍ ደብረ ብርሃን ክረምት ላይ ሊጻፍ ይችል ነበር።

መሀል ላይ ፍራንከንስታይን የሚባለው ሰው የፈጠረው አስፈሪ ፍጡር አንድ የድሃ ቤት አጠገብ ይደበቃል። በቀዳዳ እያየ፣ ሲነጋገሩና መጽሐፍ ሲነበብ እየሰማ ቋንቋ ይለምዳል። በቤቱ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሉ። ሌሎቹ ሲወጡ ጠብቆ ይገባል፤ ሽማግሌው ስለማያዩት አልፈሩትም፣ አጠገባቸው አስቀምጠው አጫወቱት። ጋሼ፣ «ዕውሩ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፅዎ ዝቅ አለ። ትርጉሙ ጠፋብኝ ብለው ገጹን ሊያልፉት ሞከሩ። «ይቀጥሉ» አልኩዎ። ቀጠሉ። የሚያዩት ልጆች ተመልሰው ገብተው ወንዱ ልጅ ፍጡሩን በዱላ ሲደበድበው፣ እኔና እትዬ እኩል ነበር «ተወው!» ያልነው።

ከዚያ በኋላ በሚያዝያ የሆነውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። አሮጌ ታሪኮቼን አሰባስቤ ላሳትም ነበርና ልጅቷ የመጀመሪያውን እያነበበችልኝ ነው። ቀጥቃጩ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል፤ ሲገደል ጆሮው ላይ የወርቅ ሎቲ ይገኛል፤ የታወቀው ወግ ነው፣ እኔም ከአያቴ የሰማሁት። ጀበና ልታስረክብ የመጣች ሸክላ ሠሪ እናት ቡና ላይ ተቀምጣለች፤ እዚያ እንዳለች አላየሁም፣ አላየሁማ። ታሪኩ አለቀ። ስኒዋን አስቀመጠችና «ቀጥቃጩ ልጆች አልነበሩትም?» አለች።

አልነበሩትም። አልጻፍኩላቸውም።

«ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልጆች አብረዋቸው አይሄዱም፤ የኔዎቹን ማለቴ ነው» አለች። ከዚያ የጀበናውን ዋጋ ተቀብላ ሄደች። «አሁን በዚህ ዘመን ፍርሃት ጎድሎን ነው የምትጽፈው?» እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ሁልጊዜ መልስ ነበረኝ። ለእሷ ግን አልነበረኝም። ያ ታሪክ ከስብስቡ ወጥቷል። ይቅርታዬን በግንባር ነግሬሻለሁ፤ በአደባባይ የጻፍኩት ነገር ነውና በአደባባይም እደግመዋለሁ። አመሰግንሻለሁ፣ እናቴ። ከዘንድሮ ንባቤ ሁሉ የማልረሳው ያንቺን ጥያቄ ነው።

ዘይቱ በሐምሌ ወጣ። በወፍራሙ፣ ልጆቹ «የጠርሙስ ቂጥ» በሚሉት መነጽር አነባለሁ፤ ይህንንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ትናንት ሩፋኤል ነበር። እትዬ ከጠዋት ጀምሮ የጦቢትን ዓይን በዓሣ ሐሞት ያበራ መልአክ መሆኑን ሲነግሩኝ ዋሉ። ዝናቡ እንደ ጀመረ የግቢው ሕፃናት ራቁታቸውን ወጡ። እኔ ከበረንዳው ሆኜ የእያንዳንዱን ጥርስ አየሁ፤ ሁለቱ የፊት ጥርስ የላቸውም። ዓይኔን እንዳላረጥብ ብዬ ብከራከርም እትዬ የሩፋኤልን ዝናብ በጣሳ ቀድተው እግሬ ላይ አፈሰሱብኝ።

ጋሼ፣ ለበዓል ልጅዎ ዘንድ ሲሄዱ መጽሐፉን ትተውልኝ «እንግዲህ ጨርሰው» ብለውኛል። ዛሬ ማክሰኞ አይደል? ገለጥኩት፤ መርከቧ በረዶ መሀል ተይዛለች። አንድ ገጽ ተኩል አነበብኩና ዘጋሁት፤ ፍጡሩ በእርስዎ ድምፅ ካልተናገረ አላመንኩትም። መስከረም 6 ማክሰኞ ነው። ቡናው በአዲሱ ጀበና ነው፤ ሸክላ ሠሪዋም ከልጆቿ ጋር እመጣለሁ ብላለችና ትንሽ ቀደም ብለው ይምጡ፣ ወንበር ሊያጥር ይችላል።