ለዓመታት የቆመ ቮልስ ላላችሁ ደንበኞቻችን

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ወደ ጋራዣችን የሚመጡት የቆሙ ቮልሶች ታሪካቸው ይቀራረባል። ባለቤቱ ውጭ አገር ሄዷል፣ ወይም መኪናው ለልጆች በውርስ ደርሷል፤ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ዓመታት አልፈውታል። ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ካርቡራተሩን ብቻ አጽዱልኝ።» የካርቡራተር (ቤንዚንንና አየርን ለሞተሩ የሚቀላቅለው ዕቃ) ጽዳትን ብቻውን ለምን እንደማንቀበል፣ ዋጋውም ለምን ከእጥበት ዋጋ እንደሚበልጥ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ቤንዚን ሲቆም ቀላሉ ክፍል ይተንና ሙጫ መሰል ቡናማ ዝቃጭ ይቀራል። የሶሌክስ ካርቡራተር የሚኒሞ ጂግለር (መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ቤንዚኑን የሚመጥነው ትንሽ የነሐስ ዕቃ) ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም ስለማይበልጥ በጥቂት ዝቃጭ ይደፈናል። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ደግሞ ይብሳል፤ በአገራችንም የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ለዓመታት ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ቆይቷል። ኢታኖል እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ከካርቡራተሩ ሥር ይተኛና የዚንክ ቅይጡን አካል ይበላዋል። ከፍተን የምናሳያችሁ ነጭ ዝገት ይኸው ነው።

ሥራውን የምንጀምረው ግን ከፊት፣ ከታንከሩ ነው። የዛገ ታንከር እያለ ካርቡራተር ማጽዳት ገንዘባችሁን መጣል ነው፤ ዝገቱ በመኪናው ወለል ውስጥ በሚያልፈው ቱቦ ተጉዞ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። ሞተሩ አጠገብ ያለውን የቤንዚን ጎማ (የላስቲክ ቱቦ) ደግሞ ሳንጠይቃችሁ እንቀይራለን። የደረቀ ጎማ ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን ካንጠባጠበ ቮልሱ ይቃጠላል፤ በዚህ አንደራደርም። ማጣሪያውንም ከሞተሩ ክፍል አውጥተን ከታንከሩ ሥር እናስራለን።

ካርቡራተሩን ስንፈታ ጋርኒሲዮኖቹን (በመጋጠሚያዎቹ መካከል የሚገቡትን ማሸጊያዎች)፣ የፓምፑን ዲያፍራም (ስስ የላስቲክ ሽፋን)ና የቤንዚን መርፌውን እንቀይራለን። እነዚህ ሁሉ በጥገና ዕቃው ውስጥ አሉ። በዕቃው ውስጥ መፍትሔ የማይገኝለት ግን ትልቁ ችግር ነው፤ የነዳጅ ፔዳል ስትረግጡ የሚዞረው ዘንግ የተቀመጠበት ቀዳዳ ይበላል። ዘንጉ ከተነቃነቀ በዚያ በኩል ትርፍ አየር ይገባል፣ ሚኒሞውም ምንም ቢደረግ አይረጋም። ይህን ቶርኖ ቤት ወስደን የነሐስ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) እናስገባለታለን፤ ከሥራው ሁሉ ውዱም ይኸው ነው። ጂግለር በሽቦ የሚወጋ ባለሙያ ካያችሁ ግን ዕቃችሁን ተቀበሉት። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ የቀዳዳውን ስፋት የሚነግረው ቁጥር ትርጉም ያጣል። እኛ በመድኃኒት ዘፍዝፈን በኮምፕረሰር አየር እንነፋዋለን።

ካርቡራተሩ ተገጥሞም ወዲያው አይስተካከልም። መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቮቹን ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር፣ የፑንቲናውን (እሳቱን የሚያቋርጠው መገናኛ) ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር እናደርጋለን፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትንም ጊዜ እናያለን። «ካርቡራተር ነው» ተብሎ የሚመጣው ብዙው ጥፋት እዚሁ ላይ ያልቃል። ከዚያ ሞተሩን አሙቀን ወደ ብሎኖቹ እንሄዳለን። 34 ፒክት 3 በሚባለው የሶሌክስ ካርቡራተር ላይ ትልቁ ብሎን የሚኒሞውን ፍጥነት፣ ትንሹ ድብልቁን ይወስናል፤ ልካችን በደቂቃ 850 ዙር ገደማ ነው። የፔዳሉን ማቆሚያ ብሎን በማጥበቅ ሚኒሞ ከፍ ማድረግ በከተማው የተለመደ ነው፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ድብልቁን ግን ያበላሻል።

የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ለቆላ የተሠራ ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ዋናውን ጂግለር በአነስተኛ ቁጥር እንተካለን። አዋሽ ወይም ድሬዳዋ አዘውትራችሁ የምትወርዱ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ እዚያ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ሞተሩን ያግለዋል፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ግለትን አይችልም። ለእናንተ ሌላ ቁጥር እንመርጣለን፣ የወጣውንም ጂግለር በላስቲክ አድርገን እንሰጣችኋለን።

መኪናውን ከማምጣታችሁ በፊት በአሮጌው ቤንዚን ላይ አዲስ አትጨምሩ፤ ለማስነሳትም አትሞክሩ፣ በመግፋትም ቢሆን። ዝቃጩ ከታንከሩ ሳይወጣ ቢቀር ሥራችን ይቀላል፣ ሒሳባችሁም ይቀንሳል። በስንት ዓመተ ምሕረት እንደቆመ የምታውቁ ከሆነ ጻፉልን፤ ባትሪውን ፈትታችሁ በክሬን መኪና ላኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለሙያዎች