የቆጣሪው ዝምታ ብልሽት አልነበረም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ መሬት የጨረር ቀበቶዎች፣ ማለትም በመሬት መግነጢስ ተይዘው መሬትን ስለከበቡት የኤሌክትሮንና የፕሮቶን ቅንጣቶች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ቃል ግን አላስቀምጥ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1958 በኤክስፕሎረር 1 ሳተላይት የተላከው የጋይገር ቆጣሪ (የጨረር ቅንጣቶችን የሚቆጥር መሣሪያ) ከፍታ ላይ ሲደርስ «ተበላሽቶ» ዜሮ አሳየ ይላል ጽሑፉ። አልተበላሸም! ሥራዬ የጠፈር ቅንጣት መለኪያዎችን መንደፍ ነውና ይህን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

የጋይገር ቱቦ አንድ ቅንጣት በቆጠረ ቁጥር ለአፍታ ይደነዝዛል፤ እስኪያገግም ድረስ ተከታዩን አያይም። ቅንጣቶቹ ፋታ ከነሱት ደግሞ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ምት እየደከመ ሄዶ ቆጣሪው ሊለየው ከሚችለው በታች ይወርዳል። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የጄምስ ቫን አለን ቡድን የጠበቀው ከሩቅ ጠፈር ከሚመጣው የኮስሚክ ጨረር በሰከንድ 30 ገደማ ቆጠራ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የተተኮሰው ኤክስፕሎረር 3 ቴፕ መቅረጫ ስለነበረው ነገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታየ፤ ቆጠራው ወጣ፣ ወጣ፣ በድንገት ዜሮ ሆነ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ። የሞተ መሣሪያ እንዲህ አይመለስም። የቡድኑ አባል ካርል ማክልዌይን ትርፍ ቱቦ ወስዶ በኤክስሬይ ማሽን ፊት አስቀመጠና ጨረሩን አጠነከረው፤ ቱቦው ጸጥ አለ። ሰማይ ላይ የታየው ዜሮ «ከምቆጥረው በላይ ነው» የሚል ምላሽ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኤክስፕሎረር 4 ሲላክ አንዱ ቱቦ በእርሳስ ተሸፍኖ የሄደውም ከዚህ በተገኘ ትምህርት ነው።

ይህን ዝምታ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ የሲሊከን ቅንጣት መለኪያ ስትሮንቲየም 90 በተባለ የጨረር ምንጭ እየፈተሽኩ ነበር። ምንጩን ከመለኪያው ባራቅሁት ጊዜ የኤሌክትሪክ ምትን በመስታወት በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ ምቶቹ ተነጣጥለው፣ እያንዳንዱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ሲወርድ ይታያል። ሳቀርበው ተጠጋጉ። ይበልጥ ሳቀርበው አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተቆለለ፤ የመነሻው መስመርም ዝቅ አለ፤ ይጨምራል ብዬ የጠበቅሁት የቆጠራ አሃዝ ወደ ኋላ ተመለሰ። ገመድ የላላ መስሎኝ ግማሽ ቀን ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንኛውንም መሣሪያ ዝቅተኛ ንባብ ሳላጣራ አላምንም።

ወደ ቀበቶው የሚሄድ መሣሪያ ሲነደፍ ትልቁ ጭንቀት በመስኮቱ የሚገባው ቅንጣት አይደለም፤ በግድግዳው በኩል የሚመጣው ነው። 100 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው) ጉልበት ያለው ፕሮቶን ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለውን አሉሚኒየም ሰንጥቆ ያልፋል። ግድግዳውን እንዳናወፍር ክብደቱ አያስኬድም። ከባድ ብረት ብቻ እንዳናደርግበት ደግሞ ኤሌክትሮኖች እዚያ ሲቆሙ ኤክስሬይ ያመነጫሉ፤ ስለዚህ አሉሚኒየሙ ከውጭ፣ ቱንግስተኑ ከውስጥ ይሆናል። ከዚያ የሲሊከን ሰሌዳዎችን ደርድረን እንጠይቃለን፦ ቅንጣቱ የመጀመሪያውን ነክቷል? ሁለተኛውንስ በዚያው ቅጽበት? በጎን የገባው እዚህ ላይ ይጋለጣል። በመስኮት የገባውንም ማንነቱን የሚናገረው በየሰሌዳው የጣለው ጉልበት ነው፤ ፈጣን ኤሌክትሮን አንድ ሚሊ ሜትር ሲሊከን ውስጥ 0.4 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲጥል፣ የ30 ሚሊዮኑ ፕሮቶን ከ3 ሚሊዮን በላይ ይጥላል። የመስኮቱ ስፋት ብቻውን ስንት ሌሊት እንደሚያከራክረን ብትሰሙ ይገርማችኋል። የውጭኛው ቀበቶ ኤሌክትሮን በጸጥታና ፀሐይ በምታስነሳው መግነጢሳዊ ማዕበል ጊዜ መካከል ከሺህ እጥፍ በላይ ሊለዋወጥ ይችላልና፣ ለአንዱ ቀን የሚበቃው መስኮት በሌላው ቀን ያሰጥማል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ቀበቶዎቹን የሚያጠኑት የቫን አለን መንትያ መንኮራኩሮች ሲላኩ፣ የዳንኤል ቤከር ቡድን ያዘጋጀው የቅንጣት ቴሌስኮፕ ከታቀደው ቀድሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲበራ ተደረገ። ቀድሞ ቅንጣቶችን ሲለካ የቆየውና ዕድሜው እያበቃ የነበረው ሳምፔክስ ሳተላይት ሳይወድቅ የሁለቱ ንባብ እንዲነጻጸር ነበር የተፈለገው። ወዲያው በሁለቱ በሚታወቁት ቀበቶዎች መካከል ማንም ያልጠበቀው ሦስተኛ ታየ። ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ የጠረጠሩት የራሳቸውን መሣሪያ ነው፤ አንድ በአንድ ፈተሹት፤ እንከን የለውም። ሁለቱም መንኮራኩሮች ያዩት አንድ ነበር። ከፀሐይ የመጣ ድንጋጤ ማዕበል እስኪበትነው ድረስ ያ ቀለበት አራት ሳምንት ያህል ቆየ። መሣሪያውን እንዲህ አጥብቀው ባያውቁት ኖሮ ያን ቀለበት ስህተት ነው ብለው ይጥሉት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ «ተበላሽቶ» የምትለው ቃል በሚቀጥለው እትም ትታረም፤ የማክልዌይን ስምም ይጠቀስ። ሁለተኛ፣ በቀበቶው ውስጥ «ይህን ያህል ቅንጣት ተለካ» ብላችሁ ስትጽፉ ከየትኛው ጉልበት በላይ እንደሆነ አብራችሁ አስፍሩ። ከ0.1 ሚሊዮንና ከ2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብዛታቸው ፈጽሞ አይቀራረብም፤ ጉልበቱ ያልተጻፈበት አሃዝ ደግሞ ለእኔ ቢጤው አንባቢ ምንም አይነግረውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቅንጣት መለኪያ መሐንዲስ የሆኑ አንባቢያችሁ