ደርሶ መልሱን መልሱልን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ ቻምፒዮንስ ሊግ አዲስ አሠራር የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የድሮው የምድብ ጨዋታ መቅረቱ አያስቆጭም ይላሉ። ምክንያታቸው ደግሞ ማን እንደሚያልፍ ገና ዕጣው ሲወጣ ይታወቅ ነበር የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘለዋል፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ከምድቡ ጋር አብሮ የሄደው ደርሶ መልሱ፣ ማለትም አንዱን ተጋጣሚ በሜዳህም ከሜዳህ ውጪም መግጠሙ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። ከ2003/04 እስከ 2023/24 ድረስ 32 ክለቦች በስምንት ምድብ ይደለደሉ ነበር። እያንዳንዱ ክለብ ሦስቱን የምድብ ተጋጣሚዎቹን አንዴ በሜዳው፣ አንዴ ከሜዳው ውጪ ይገጥማል። ከየምድቡ ሁለቱ ያልፋሉ። ከ2024/25 ጀምሮ ግን 36 ክለቦች በአንድ ሰንጠረዥ ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ስምንት ጨዋታ አለው፣ ከስምንት የተለያዩ ክለቦች ጋር። እስከ 8ኛ የወጡት በቀጥታ ወደ 16ቱ ይገባሉ። ከ9ኛ እስከ 24ኛ ያሉት ገና አንድ ማጣሪያ ይጠብቃቸዋል። የቀሩት 12 ይሰናበታሉ።

ቅሬታዬ «ስምንት የተለያዩ ክለቦች» የሚለው ላይ ነው። ማንንም ሁለቴ አታገኝም። የረታህን ቡድን በሜዳህና በደጋፊህ ፊት የምትጠብቅበት ቀን የለም። ለኔ ደግሞ የምድብ ጨዋታ ነፍሱ እዚያ ላይ ነበር።

የኒውካስልን የ2002/03 ጉዞ ላንሳ፤ ያኔም ምድቡ እንደዚሁ በደርሶ መልስ ነበር። በቦቢ ሮብሰን ይሠለጥን የነበረው ያ ቡድን ምድቡን የጀመረው በሦስት ተከታታይ ሽንፈት ነው። በዲናሞ ኪየቭ 2ለ0፣ በገዛ ሜዳው በፌይኖርድ 1ለ0፣ በዩቬንቱስ 2ለ0። ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ጎል። ማንም ሰው አበቃለት ይላል። ከዚያ የመልስ ጨዋታዎቹ መጡ። ዩቬንቱስን 1ለ0 አሸነፈ። ዲናሞ ኪየቭን 2ለ1። መጨረሻ ላይ ሮተርዳም ሄዶ ፌይኖርድን 2ለ0 መራ፤ 2ለ2 ሆነበት፤ ሊያልቅ ሲል ክሬግ ቤላሚ ሦስተኛዋን አገባ። የዚያኑ ምሽት ዩቬንቱስ ኪየቭ ላይ ስላሸነፈ ኒውካስል አለፈ። ልብ በሉ፣ ያሸነፉት እነዚያኑ ሦስቱን ነው። በተሸነፉበት ልክ፣ አንድ በአንድ። በአሁኑ አሠራር እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሊፈጠር አይችልም። ሦስት ጊዜ ተሸንፈህ ተነስተህ ልታልፍ ትችል ይሆናል፤ የምታሸንፈው ግን ሌላ ሰው ነው።

የሊቨርፑልን ደግሞ ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። ዲሴምበር 2004፣ አንፊልድ፣ ከኦሎምፒያኮስ ጋር። ሊቨርፑል አቴንስ ላይ 1ለ0 ተሸንፎ ስለነበር ተራ ድል አይበቃውም። ሁለቱ በነጥብ እኩል ከሆኑ የሚለያቸው የእርስ በርስ ግንኙነታቸው ነው። ስለዚህ 1ለ0 ወይም በሁለት ጎል ልዩነት ማሸነፍ ነበረበት። ሪቫልዶ በቅጣት ምት ቀድሞ አገባ። አሁን ሦስት ጎል የግድ ሆነ። ከእረፍት መልስ ሲናማ ፖንጎል አንድ አለ። ሜለር ሁለት አለ። ሜዳው እየተናወጠ፣ ግን ገና አልደረሱም፤ 2ለ1 እያሸነፉ እየወደቁ ነው። 86ኛው ደቂቃ ላይ ጄራርድ ከሳጥን ውጪ መታት። ያቺ ኳስ ባትገባ ኖሮ ከወራት በኋላ ኢስታንቡል ላይ ዋንጫውን ያነሱበት ምሽት አይኖርም ነበር። ያን ምሽት እንዲያ ያሞቀው ግን የጄራርድ እግር ብቻ አይደለም። አቴንስ ላይ የገባችው አንዲት ጎል እንደ ዕዳ ተከትላቸው መጥታ ነው። ዕዳ አለብህ፣ አበዳሪህም ፊትህ ቆሟል፣ 90 ደቂቃ አለህ።

ጭካኔም ነበረው፣ አልክድም። በ2013/14 ዶርትሙንድ፣ አርሰናልና ናፖሊ ሦስቱም 12 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። አንዱ አንዱን አንድ አንድ ጊዜ አሸንፏል። በእርስ በርስ ግንኙነት ሲሰላ ለሦስቱም 6 ነጥብ ሆነ። ከዚያ እያንዳንዱ በሦስቱ መካከል ካገባው ጎል የገባበት ተቀነሰ። ዶርትሙንድ ሲደመር አንድ፣ አርሰናል ዜሮ፣ ናፖሊ ሲቀነስ አንድ። ናፖሊ በዚያ ምሽት አርሰናልን 2ለ0 አሸንፎ ነው የወደቀው። ሂጓይን ሜዳ ላይ አለቀሰ። ከባድ ነው። ግን ማንም ናፖሊን ተበደልክ ሊለው አይችልም፤ የተመዘነው በገጠማቸውና በገጠሙት ሰዎች ፊት ነው።

አሁን ሁለት ክለቦች በነጥብ እኩል ሲሆኑ መጀመሪያ የሚታየው በሁሉም ጨዋታ ያለው የጎል ክፍያ (ካገቡት የገባባቸው ሲቀነስ) ነው። አብዛኞቹ እርስ በርስ አልተገናኙም፣ ሌላ ምን ይደረግ? አንዱ አምስት ያገባው በአንድ ደካማ ቡድን ላይ ይሆናል፤ ሌላው ያንን ቡድን አላገኘውም። አዘጋጆቹ ይህን ለማመጣጠን ክለቦቹን በአራት ቋት ከፍለው ለእያንዳንዱ ከየቋቱ ሁለት ሁለት ተጋጣሚ ያወጡለታል። በወረቀት ላይ ያምራል። ግን ቋቱ በአብዛኛው የሚሞላው ክለቦች ባለፉት ዓመታት በሰበሰቡት ነጥብ ነው፤ ዛሬ ባላቸው አቋም አይደለም። በ2024/25 ላይፕዚግ ከመጀመሪያው ቋት ወጥቶ 3 ነጥብ ብቻ ይዞ 32ኛ ሆነ። አስቶን ቪላ ከአራተኛው ቋት ተነስቶ በ16 ነጥብ 8ኛ ወጣ። ከአንደኛው ቋት ላይፕዚግ የደረሰውና ሊቨርፑል የደረሰው እኩል ዕጣ ደርሷቸዋል ማለት እንዴት ይቻላል? በምድብ ጨዋታ ጊዜም የሞት ምድብ ነበር። ግን ምድቡ ከከበደ ለአራቱም እኩል ይከብዳል።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልናገር። በድሮው አሠራር አምስተኛና ስድስተኛው ዙር ላይ ትርጉም ያጣ ጨዋታ ይበዛ ነበር። ያለፈው ቡድን ተጠባባቂዎቹን ያሰልፋል፤ ተጋጣሚውም በሰው ዕድል ያልፋል ወይም ይወድቃል። ሦስተኛ የወጣው ወደ ዩሮፓ ሊግ መውረዱም ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እሱ በመቅረቱ አመሰግናለሁ። የመጨረሻው ምሽት ደግሞ አሁን ትንፋሽ ያሳጥራል። ጃንዋሪ 29፣ 2025 ላይ 18 ጨዋታ በአንድ ሰዓት ተጀመረ። ማንቸስተር ሲቲ በክለብ ብሩዥ እየተመራ ለእረፍት ወጥቶ፣ ሊሰናበት አፋፍ ላይ ደርሶ፣ ተመልሶ 3ለ1 አሸነፈ። በ2026 ጃንዋሪ የቤንፊካው ግብ ጠባቂ ትሩቢን በ98ኛው ደቂቃ ወደ ፊት ወጥቶ ሪያል ማድሪድ ላይ በጭንቅላቱ ያገባትን ጎል ያየ ሰው ይህ አሠራር ደረቅ ነው ሊል አይችልም። ቤንፊካ 4ለ2 አሸንፎ በጎል ክፍያ 24ኛ ሆኖ አለፈ። እኔም ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ።

ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እዩ። ለማጣሪያው ዕጣ ሲወጣ ቤንፊካ በድጋሚ ከሪያል ማድሪድ ጋር ተደለደለ። ሰዉ ሁሉ ያወራው ስለዚያ ነበር፤ የመልስ ጨዋታ ስላገኘ። በምድብ ጨዋታ ዘመን ይህ የማንም መብት ነበር። ዛሬ ግን ዕጣ ሲፈቅድ ብቻ ነው የሚገኘው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወደ 32 ክለብ እንመለስ አልልም፤ ጨዋታ አብዝቶ ገቢ ያገኘ ወደ ኋላ እንደማይመለስ አውቃለሁ። በጠቅላላው ውድድር 125 የነበረው ጨዋታ 189 ሆኗል፤ ስለ ተጫዋቾቹ ድካም ሌላ ሰው ይጻፍ። የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። 36ቱ ክለቦች ይቆዩ፣ አንዱ ሰንጠረዥ ይቆይ፣ ስምንቱም ጨዋታ ይቆይ። ግን ተጋጣሚው አራት ይሁን፣ ከየቋቱ አንድ፣ ሁሉም በደርሶ መልስ። የጨዋታው ብዛት በአንድም አይጨምርም። ሰንጠረዡ ፍጹም ፍትሐዊ አይሆንም፤ አሁንም አይደለም። ቢያንስ ግን የተሸነፈ ሰው የሚጠብቀው ቀን ይኖረዋል።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። በየዙሩ የደረጃ ሰንጠረዡን ስታወጡ ከየክለቡ ስም አጠገብ እስካሁን ማንን ማንን እንደገጠመ፣ ማን እንደቀረው አብራችሁ አውጡልን። 12 ነጥብ ብቻውን ብዙም አይነግረንም። ከባየርንና ከአርሰናል ጋር ተጫውቶ የመጣ 12 ነጥብ መሆኑን ስናይ ግን ሰንጠረዡን በሌላ ዓይን እናነበዋለን። ቦታ የሚወስድ ከሆነ የእኔን ደብዳቤ አሳጥሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፖርት ገጻችሁ የዘወትር አንባቢ